ጥሎ የሚሄድና ጥሎ የማይሄድ ጉልበት፦ መንግሥትና ኃያል ኩባንያ ከፍሮግታውን ሲታዩ

በሚኒሶታ ዋና ከተማ በሴንት ፖል የሚገኘው የፍሮግታውን ሰፈር በሰሜን በባቡር ሐዲድ፣ በደቡብ በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ይዋሰናል። ሐዲዱን የዘረጋው የግል ኩባንያ ነው። በጎዳናው ላይ ከ2014 ጀምሮ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው አውራ ጎዳና 94 የፌዴራልና የግዛት መንግሥት ሥራ ነው። መጀመሪያ ጀርመኖችና ፖላንዶች፣ በኋላ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ሞንጎችና የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች የሰፈሩበት ይህ መንደር ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ በሁለት ዓይነት ጉልበት መካከል ኖሯል።

ሁለቱን የሚለየው ምንድን ነው? ደመወዝህን የሚወስን፣ ቤት የሚያስለቅቅህ ወይም ከሥራህ የሚያግድህ አካል የመንግሥት ማኅተም ቢኖረው ወይም የኩባንያ አርማ ቢይዝ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ጥያቄው በፖለቲካ ፍልስፍና አሮጌ ነው፤ በሕግ ደግሞ ከሚኒሶታ የተነሱ ጉዳዮች በተደጋጋሚ ወደ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን መነሻ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች፣ የየራሳቸውን ማስረጃና ገና ያልተቋጨውን ይመለከታል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከግዛቱ የቀደመ ኩባንያ

ሚኒሶታ ግዛት ሆና ኅብረቱን የተቀላቀለችው በግንቦት 1858 ነው። ሚኒሶታ ኤንድ ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ግን የመቋቋሚያ ቻርተሩን ያገኘው በግንቦት 1857 ነው። ኩባንያው ከግዛቱ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ይሁንና ቻርተሩን የሰጠው የዚያን ጊዜው የቴሪቶሪው ሕግ አውጪ ምክር ቤት ነው፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን መሬት የሰጠው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው። የባቡር ኩባንያዎች ባለመሬቱ ባይፈልግም እንኳ ካሳ ከፍለው መሬቱን የመውሰድ ሥልጣን በሕግ ነበራቸው። ይህ ሥልጣን በተፈጥሮው የመንግሥት ነው፤ በውክልና ለነጋዴ ተላልፏል።

ገንዘቡም ቢሆን ከመንግሥት ኪስ የራቀ አልነበረም። በ1858 የአዲሲቱ ግዛት መራጮች ለባቡር ኩባንያዎች እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንዲሰጥ አጸደቁ። ኩባንያዎቹ ግን ሐዲዱን ሳይጨርሱ ከሰሩ፤ ግዛቱም ንብረታቸውን ወረሰ፤ የዕዳው ክርክር እስከ 1880ዎቹ ቆየ። የመጀመሪያው ባቡር ከሴንት ፖል ወደ ሴንት አንተኒ የሄደው መስመሩ በሌላ ኩባንያ እጅ ከገባ በኋላ በ1862 ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ የሴንት ፖሉ ነጋዴ ጄምስ ጄ. ሂልና ሸሪኮቹ ጠቀለሉት፤ ኋላ ግሬት ኖርዘርን የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ አቆሙበት። በ1880ዎቹ የጃክሰን መንገድና የኮሞ የባቡር ጋራዦች ሲከፈቱ ፍሮግታውን የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆነ።

የገበሬው ቅሬታ ግን ከዚያም ቀድሞ ተነሥቶ ነበር፤ እህልና ወተት ወደ ገበያ የሚያደርሰው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ታሪፉን የሚቆርጠው ባለሐዲዱ ነው። ግዛቱ በ1871 የታሪፍ ጣሪያ የሚያበጅ ሕግ አወጣ። በ1877 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የሕዝብ ጥቅም የነካ ንግድ በሕዝብ ሊገራ ይችላል ብሎ እነዚህን ሕጎች ደገፈ። በ1890 ግን ወደ ኋላ ተመለሰ። ከኦዋቶናና ከአካባቢዋ ወደ መንትዮቹ ከተሞች (ሴንት ፖልና ሚኒያፖሊስ) የሚመጣ የአንድ ጋሎን ወተት ማጓጓዣ ከ3 ሳንቲም ወደ 2.5 ሳንቲም ይውረድ ሲል የግዛቱ ኮሚሽን ወስኖ ነበር። ፍርድ ቤቱ «ተገቢ ዋጋ ምንድን ነው» የሚለውን የመጨረሻ ቃል ኮሚሽኑ ብቻ ሊናገረው አይችልም፤ ኩባንያው ለዳኛ አቤት የማለት መብት አለው ብሎ ፈረደ። የክርክሩ መነሻ ግማሽ ሳንቲም ቢሆንም ፍሬ ነገሩ የመጨረሻው ቃል የማን ነው የሚለው ነበር።

በ1901 ሂልና የኒው ዮርኩ ባንከኛ ጄ. ፒ. ሞርጋን ተፎካካሪ መስመሮችን ኖርዘርን ሰኩሪቲስ በሚባል አንድ ድርጅት ሥር ሰበሰቡ። ሐዲዱ በሚኒሶታ ያልፋል፤ ድርጅቱ የተመዘገበው ግን ኒው ጀርዚ ነው። ሚኒሶታ በራሷ ያቀረበችው ክስ በሥልጣን ጥያቄ ወደቀ። ውህደቱን ያፈረሰው በ1904 የፌዴራሉ መንግሥት ክስ ነው፤ ያውም በ5 ለ4 ድምፅ።

በ1907 ግዛቱ የመንገደኛ ታሪፍ በማይል ከ2 ሳንቲም እንዳይበልጥ ሲወስን የኩባንያዎቹ ባለአክሲዮኖች የግዛቱን ዋና ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ያንግን ከሰሱ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂላችን በአሜሪካም ሕጋዊ ወንድም አለው፤ ግዛት ያለ ፈቃዱ በፌዴራል ፍርድ ቤት አይከሰስም። በ1908 ፍርድ ቤቱ ለዚህ ግንብ በር አበጀለት፦ ሕገ መንግሥት የሚጥስ ሕግ የሚያስፈጽም ባለሥልጣን በግዛቱ ከለላ ሊሸሸግ አይችልም። በሩን ያስከፈቱት የባቡር ባለአክሲዮኖች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ግን የሲቪል መብት ተሟጋቾች ሳይቀሩ ገብተውበታል።

ርስትና ጉልት፣ አሰብና ድሬዳዋ

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጥያቄው እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ የድሮ ሥርዓት ርስት ከአባትና ከእናት ዘር የሚወረስ የመሬት መብት ነው፤ ጉልት ደግሞ ከመሬቱ ግብር የመብላት፣ ብዙ ጊዜም በነዋሪው ላይ የመዳኘት ሥልጣን ነው። ጉልተኛው የገበሬው መሬት ባለቤት አልነበረም፤ ገበሬው ርስተኛ ነበር። ባለቤትነትና ገዥነት በአንድ መሬት ላይ በሁለት እጅ ይቀመጡ ነበር ማለት ነው። ጉልት በሹም ሽር ይነሳል፤ ርስት አይነሳም። ከምኒልክ መስፋፋት በኋላ በደቡብ መሬቱም ገዥነቱም በአንድ ሰው እጅ ሲጠቃለል ይህ ልዩነት ጠፋ፤ ባላባቱ ለገባሩ አከራይም ዳኛም ሆነ። ጉልት በአዋጅ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ነገሩ በተቃራኒው ዞረ፦ መንግሥት ራሱ ብቸኛው ባለመሬት ሆነ።

ኩባንያ የመንግሥት ጭንብል ሲሆንም ታይቷል። በ1869 የጣሊያኑ ሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ የባሕር ዳርቻ ከአካባቢው ገዦች መሬት ገዛ። በወረቀት ላይ የሁለት ወገኖች ውል ነበር። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ያንኑ መሬት ከኩባንያው ተረከበ፤ በ1890 ኤርትራ የምትባል ቅኝ ግዛት ታወጀች። የጅቡቲው ባቡርም ተመሳሳይ ፈተና አሳይቷል። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የሥራ ፈቃድ የግል ኩባንያ ወለደ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ግን የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማው በኩል እጁን አስገብቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቆጡ። ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዓለም ታሪክ የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ምሳሌ በ1600 የተቋቋመው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው። ጦር ነበረው፣ ግብር ይሰበስብ ነበር፤ በ1858 ግን ሥልጣኑን ለዘውዱ አስረከበ።

አራት መልሶች

የመጀመሪያው መልስ ልዩነቱ ኃይል ነው ይላል። የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቁ ማክስ ዌበር በ1919 እንዳስቀመጠው፣ መንግሥት ማለት በተወሰነ ግዛት ውስጥ ቅቡልነት ባለው አካላዊ ኃይል ለመጠቀም ብቸኛ ባለመብትነቱን ያስከበረ አካል ነው። ኩባንያ ያባርራል እንጂ አያስርም። የዛሬዎቹ የባቡር ኩባንያዎች የራሳቸው ፖሊስ ቢኖራቸውም የመያዝ ሥልጣኑን የሚያገኙት ከመንግሥት ነው። የዚህ አቋም ድክመት «ቅቡልነት» በሚለው ቃል ላይ ይከማቻል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ፍትሕ የሌለው መንግሥት ከትልቅ የሽፍታ ቡድን በምን ይለያል ብሎ ጠይቋል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪው ቻርልስ ቲሊም በ1985 የአውሮፓን መንግሥታት አፈጣጠር ከተደራጀ ወንጀል ጋር አነጻጽሮ ጽፏል።

ሁለተኛው መልስ ልዩነቱ ስምምነት ነው ይላል። ከኩባንያ ጋር ውል የሚገባው የፈለገ ነው፤ ግብር ግን ፈለግህም አልፈለግህም ትከፍላለህ። ፈላስፋው ሮበርት ኖዚክ በ1974 ጠባቂ የግል ድርጅቶች ማንንም ሳይበድሉ ወደ መንግሥትነት ሊያድጉ የሚችሉበትን መንገድ ሲያስስ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የመጠን ሳይሆን የመብት መሆኑን ለማሳየት ነበር። ተቃውሞው ከሕግ ሊቁ ከሮበርት ሄል በ1923 መጥቷል፦ ንብረት የሚባለው ነገር ራሱ በመንግሥት ኃይል የተከበበ ነው፤ መሬትና ሥራ በሌሎች እጅ የሆነበት ሰው «ተስማማሁ» ሲል ከጀርባው ሕግ አስከባሪ ቆሟል። ስለዚህ ከግዴታ የጸዳ ገበያ የለም፤ የግዴታው ዓይነትና መጠን ነው የሚለያየው።

ሦስተኛው መልስ መሠረታዊ ልዩነት የለም ወደሚለው ያዘነብላል። ፈላስፋዋ ኤልዛቤት አንደርሰን በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የሥራ ቦታ ራሱ መንግሥት ነው፤ «የግል» የሚሰኘውም የሚገዛቸው ሰዎች በአስተዳደሩ ላይ ድምፅ ስለሌላቸው ነው ትላለች። ለዚህ የሚጠቀሰው የፍርድ ቤት መሠረት በ1946 የተወሰነ የአላባማ ጉዳይ ነው፦ አንድ ኩባንያ ከተማውን በሙሉ ባለቤትነት ቢይዝ እንኳ በጎዳናው ላይ የሚሰብክን ሰው የመናገር መብት ሊነፍግ አይችልም። ፍርድ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይህን መርሕ አጥብቦታል፤ የገበያ አዳራሽን እንደ ከተማ አይቆጥርም። የአንደርሰን ተቺዎች ሠራተኛ መልቀቅ ይችላል፣ ዜጋ አይችልም ይላሉ።

አራተኛው መልስ ኩባንያ ራሱ የመንግሥት ፍጡር ነው ይላል። የባለአክሲዮን ኃላፊነት የተወሰነ መሆኑ፣ ድርጅቱ እንደ ሰው መክሰስና መከሰስ መቻሉ፣ ከመሥራቾቹ ዕድሜ በላይ መኖሩ ሁሉ ከሕግ የመጣ ስጦታ ነው። የሚኒሶታ ኤንድ ፓሲፊክ ቻርተር ይህን አቋም ይደግፋል፤ የኖርዘርን ሰኩሪቲስ ምዝገባ ግን ያወሳስበዋል። ፍጡሩ የተወለደበትን ቦታ መምረጥ ከቻለ በአንዱ መንግሥት ተፈጥሮ በሌላው ላይ ሊበረታ ይችላል።

ማስረጃው በሰፈሩና በዙሪያው

አራቱም መልሶች በፍሮግታውን ዙሪያ ሲፈተኑ የየራሳቸው ጥንካሬና ጉድለት ይወጣል።

ከዩኒቨርሲቲ ጎዳና በስተደቡብ ያለው ሮንዶ የሴንት ፖል ጥቁር ነዋሪዎች ማዕከል ነበር። በመንትዮቹ ከተሞች ጥቁሮች በጥቂት ሰፈሮች እንዲወሰኑ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በቤት ውሎች ውስጥ የሚገባው «ለነጭ ላልሆነ እንዳይሸጥ» የሚል አንቀጽ ነበር። ይህ የግለሰቦች ውል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ውሉ በራሱ ሕገ መንግሥቱን ባይጥስም ፍርድ ቤት ሲያስፈጽመው ግን መንግሥት አድልዎ እንደፈጸመ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ፤ የሄል ሐሳብ በፍርድ ቋንቋ የቀረበበት ቅጽበት ነው። ሚኒሶታም በ1953 አዲስ አንቀጽ መጻፍን ከለከለች። ከዚያ ከ1956 እስከ 1968 ባለው ጊዜ አውራ ጎዳና 94 በዚያው ሰፈር መካከል ተቀደደ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ንግዶች ፈረሱ። የግል ውል የሰበሰበውን ሕዝብ መንግሥት በተነው።

ይህ ጉዳይ መንግሥት ከኩባንያ ይሻላል ለሚል ሰው አይመችም፤ እንዲህ ያለ ጉዳት ያደረሰ ኩባንያ በሰፈሩ ታሪክ የለም። ሆኖም በ2015 ከንቲባ ክሪስ ኮልማንና የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለሮንዶ ነዋሪዎች ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ቤት አይመልስም፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያው ስም የሚጠራ፣ በዚያው ቦታ የሚገኝና የሚወቀስ አካል ነበር። የዘር አንቀጹን በውሎቹ ውስጥ ያስገቡትን የመሬት ነጋዴዎች ዛሬ ማን አግኝቶ ይወቅሳቸዋል?

ሁለተኛው ማስረጃ ትኩስ ነው። በመንትዮቹ ከተሞች ኡበርና ሊፍት ለተባሉት የታክሲ መተግበሪያዎች ከሚነዱት ብዙዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ናቸው። በ2023 የግዛቱ ምክር ቤት ያወጣውን የሾፌሮች ክፍያ ሕግ አገረ ገዥ ቲም ዋልዝ ሳይፈርሙ መለሱት። በመጋቢት 2024 የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት በማይል 1.40 ዶላር፣ በደቂቃ 51 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገ፤ ከንቲባ ጄኮብ ፍሬይ ቢቃወሙም ምክር ቤቱ በ10 ለ3 ድምፅ ተቃውሟቸውን ሻረው። ኩባንያዎቹ ጥለን እንሄዳለን አሉ። ባዶ ዛቻ አልነበረም፤ በ2016 ከቴክሳሷ ኦስቲን ወጥተው የተመለሱት በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት የከተማውን ደንብ ሲሽርላቸው ነው። በሚኒሶታም በግንቦት 2024 ግዛቱ የራሱን ሕግ አወጣ፦ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም፤ ከተሞችም የራሳቸውን ተመን እንዳያወጡ ታገዱ። ኩባንያዎቹ ቀሩ። በሕጉ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት አንቀጽ አለ፦ አካውንቱ የተዘጋበት ሾፌር ምክንያቱ እንዲነገረውና ይግባኝ እንዲል መብት ይሰጣል። በሻኮፒ የአማዞን መጋዘን የምሥራቅ አፍሪካ ሠራተኞች በ2019 ሥራ አቁመው ነበር፤ የ2023ቱ የመጋዘን ሠራተኞች ሕግም አሠሪው የሥራ ኮታውን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አስገድዷል። በ1890 ኩባንያው በመንግሥት ላይ ያገኘውን ይግባኝ ሾፌሩ በኩባንያው ላይ ያገኘው በ2024 ነው።

ሦስተኛው የቤት ኪራይ ነው። በኅዳር 2021 የሴንት ፖል መራጮች ኪራይ በዓመት ከ3 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ወሰኑ፤ ደንቡ አዲስ የሚሠሩ ቤቶችን ሳይቀር ይሸፍን ነበር። ብዙም ሳይቆይ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ፤ ሁለት የፋይናንስ ተመራማሪዎች የከተማው የንብረት ዋጋ ከ6 እስከ 7 በመቶ መውረዱን ገመቱ። በ2022 የከተማው ምክር ቤት አዳዲስ ሕንፃዎችን ለ20 ዓመት ከገደቡ አወጣ፤ በኋላም ነጻነቱን አሰፋው። ደጋፊዎች ለተከራዩ የተገኘው ዋስትና በዚህ ስሌት ውስጥ አልተቆጠረም ይላሉ። ለእኛ ጥያቄ የሚጠቅመው ሌላ ነጥብ ነው፦ ምክር ቤቱን ወደ ኋላ የመለሰው የማንም ትእዛዝ ወይም ኃይል አልነበረም። የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ቻርልስ ሊንድብሎም በ1977 የንግዱ ክፍል ልዩ ሥልጣን ያለው በዚህ ነው ብሎ ነበር፤ ገንዘቡን ወደዚህ አለማምጣት ብቻ ይበቃዋል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

አንደኛ፣ «መንግሥት» አንድ አይደለም። በኡበር ጉዳይ ከተማው፣ በ1908 ግዛቱ የተሸነፈው ከላዩ ባለ ሌላ መንግሥት ነው። ኃያል ኩባንያ ብዙ ጊዜ መንግሥትን የሚረታው በሌላ መንግሥት ነው። ይህ የአራተኛውን መልስ ደጋፊዎች ያበረታል፤ የሦስተኛውንም ባለቤቶች እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሲሆን የትኛው ሚዛን ይሠራል? በኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር፤ የከተማ ቦታም በሊዝ የሚገኘው ከመንግሥት ነው። አከራይህም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ዳኛውም ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ በርስትና በጉልት መካከል የነበረው ልዩነት እንደገና ይጠፋል። ኩባንያን ሁሉ በመንግሥት በመተካት ጥያቄው ይፈታል የሚሉ ወገኖች ይህን ማስረጃ በቅጡ አልመለሱም።

ሦስተኛ፣ ከመንግሥት መውጣት አይቻልም የሚለው ስደተኛ በበዛበት ሰፈር ፍጹም እውነት ሊሆን አይችልም። የፍሮግታውን ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎችና ሞንጎች ከመንግሥት የወጡ ናቸው። ግን መንግሥት መውጫውን በፓስፖርት፣ መግቢያውን በቪዛ ይይዛል፤ ኡበርን የሚተው ሾፌር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሌላ በኩል ለመኪናው የተበደረ ሾፌር የመልቀቅ ነጻነቱ በዕዳው ልክ ይጠባል።

አራተኛ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ኃያላንም አሉ። በፍሮግታውን ኮረብታ ላይ ያለው 13 ኤከር ገደማ መናፈሻና እርሻ ቀድሞ የዊልደር ፋውንዴሽን ይዞታ ነበር፤ የሕዝብ የሆነው በነዋሪዎች ጥረትና በሽያጭ ነው። ውጤቱ ያማረ ነው። ግን ባለይዞታው እምቢ ቢል ነዋሪው በምርጫ ሊሽረው አይችልም ነበር። ደግነት ተጠያቂነትን ይተካል ወይ የሚለው ክርክር ከዚህ ይጀምራል።

ሚዛኑ ወዴት ያደላል?

ማስረጃዎቹ በአንድ ላይ ሲታዩ ኃይልም ስምምነትም ብቻቸውን ልዩነቱን አይሸከሙትም። የበለጠ የሚያስረዳው ማን ጥሎ መሄድ ይችላል የሚለው ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን በ1970 መውጣትንና ድምፅ ማሰማትን የተበደለ ሰው ሁለት መንገዶች አድርጎ አስቀምጧቸው ነበር፤ እዚህ ግን ጥያቄው ለገዥውም መቅረብ አለበት። ሐዲድ ተነቅሎ አይሄድም፤ ስለዚህ ግዛቱ ታሪፉን ሊደራደርበት ቻለ፣ ኩባንያውም መሸሻው ፍርድ ቤትና ኒው ጀርዚ ሆነ። መተግበሪያ በአንድ ሌሊት ይዘጋል፤ ስለዚህ ከተማው ተሸነፈ፣ ግዛቱም ዋጋ ቀንሶ ተስማማ። የኪራይ ቤት በመካከል ነው፦ የቆመው ሕንፃ አይሄድም፣ ያልተሠራው ግን ሌላ ከተማ ይሠራል። ሂል ያቀዱትና በ1904 የተከለከለው ውህደት በ1970 ተፈቅዶ በርሊንግተን ኖርዘርን ሲፈጠር እንኳ ዋና መሥሪያ ቤቱ በ1980ዎቹ ከሴንት ፖል ተነሣ፤ ሐዲዱ ከፍሮግታውን አልተነሣም።

መንግሥት መሄጃ የለውም። ጥፋቱም ዕዳውም እዚያው ይቆዩታል፤ የ1858ቱ ብድርና የሮንዶ ይቅርታ ይህንኑ ያሳያሉ። ነዋሪውም በቀላሉ መሄጃ ስለሌለው መንግሥት ድምፅና ይግባኝ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ለሁለቱም ጎራ አይጥምም። የግል ጉልበት ከመንግሥት የሚያንሰው ሰው ሊተወው በሚችልበት ልክ ብቻ ነው፤ መተው በማይቻልበት ቦታ፣ ብቸኛ ሐዲድ ይሁን ብቸኛ መተግበሪያ፣ የይግባኝ ግዴታው እንደ መንግሥት ሊቆጠር ይገባል። መንግሥትም መቆየቱ ብቻውን አያጸድቀውም፤ ሮንዶን ያፈረሰው የሚቆየው ወገን ነው። የ2024ቱ ሕግ ለሾፌሩ የሰጠው ይግባኝ በተግባር ስንቱን አካውንት እንደሚያስከፍት መከታተል፣ ከብዙ የጽንሰ ሐሳብ ክርክር ይልቅ ይህን ጥያቄ ወደፊት ያራምደዋል።